አህያዬ እየከሳች ነው፣ ትል ይሆን? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ በዚህ ዕትም የበዙት የአህያ ጥያቄዎች ናቸው። ከእነሱም አብዛኞቹ የሆድ ትልን የሚመለከቱ ናቸው። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኛል። ላም ስትታመም ወተቷ ስለሚቀንስ ቶሎ ይታወቃል፣ በግ ሲከሳ ገበያ ላይ ዋጋው ይወርዳል፣ አህያ ግን ሕመሟን ደብቃ እስክትወድቅ ድረስ ትሸከማለች። አሸዋው፣ ሲሚንቶው፣ ውሃው፣ ከሰሉ፣ ባጃጅ በማይገባበት የጀጎል ጠባብ መንገድ የሚያልፈው ዕቃ ሁሉ በእሷ ጀርባ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ዛሬ ቦታውን ሁሉ ለእሷ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ዶክተር ሰላም ነው? የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው፣ የምተዳደረው በአህያ ጋሪ ነው። አህያዬ ከሁለት ወር ወዲህ እየከሳች ነው። ጸጉሯ ቆሟል፣ ዳገት ላይ ቶሎ ይደክማታል፣ ምግብ ግን አልተወችም። ጎረቤቴ ለፍየሎቹ ከገዛው የትል ክኒን አንድ ፍሬ ሰጥቶኝ አስዋጥኳት፣ ምንም ለውጥ የለም። ጓደኛዬ ደግሞ የከብት መርፌ ውጋት ይለኛል። አቦ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። መርፌውን ለጊዜው ተወው። ከክኒኑ እንጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ለፍየልና ለበግ የሚሸጠው ክኒን ብዙ ጊዜ 300 ሚሊግራም አልበንዳዞል ነው። ያንተ አህያ 120 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። አንዷን ክኒን ስታስውጣት በኪሎ የደረሳት 2.5 ሚሊግራም ብቻ ነው ማለት ነው። የዚሁ ቤተሰብ የሆነው ፌንቤንዳዞል ለፈረስና ለአህያ የሚሰጠው በኪሎ 7.5 ሚሊግራም ሆኖ ነው፣ ለ120 ኪሎ አህያ 900 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ልዩነቱን አየኸው? ያነሰ መድኃኒት መስጠት ካለመስጠት የሚሻል ይመስላል፣ ግን አይሻልም። ደካማዎቹ ትሎች ይሞታሉ፣ መድኃኒቱን የሚችሉት ይቀራሉ፣ የሚራቡትም እነሱ ይሆናሉ። በብዙ አገር ትንንሾቹ የአንጀት ትሎች የዚህን ቤተሰብ መድኃኒት የለመዱት እንዲህ እንዲህ እያለ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ክብደቷን እወቅ። ሚዛን የለም፣ ይገባኛል። የልብስ ሰፊ ሜትር ግን አለ። ከፊት እግሮቿ ጀርባ፣ ጭነት ማሰሪያው በሚያልፍበት ቦታ፣ ደረቷን ዙሪያውን ለካ። ሜትሩን ሳታጠብቅ፣ ሳታላላ፣ ትንፋሿን ስታወጣ። 110 ሴንቲሜትር ከመጣ ክብደቷ 120 ኪሎ ግድም ነው። ቁጥሩን ጻፍና ለሐኪሙ ይዘህለት ሂድ፣ መጠኑን ከዚያ ተነስቶ ያወጣልሃል። በዓይን ገምቶ መስጠት ብዙ ጊዜ ወደ ማነስ ያደላል።

አሁን ወደ መርፌው። የምትለው አይቨርሜክቲን ይመስለኛል። መድኃኒቱ ጥሩ ነው፣ ለዓለም ትልቅ ውለታ የዋለ መድኃኒት ነው፣ ከአፈር ባክቴሪያ ያገኙትና ለዚህ ያበቁት ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የኖቤል ሽልማት ተካፍለውበታል። ችግሩ አሰጣጡ ላይ ነው። የከብቱ መርፌ የተሰራው ለከብት ነው። ፈረስና አህያ ላይ ሲወጋ የተወጋው ቦታ አብጦ፣ አልፎም በባክቴሪያ ተመርዞ ለሕይወት የሚያሰጋበት ጊዜ አለ። ለአህያ ደህናው በአፍ የሚሰጠው ነው፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ታሽጎ የሚመጣው፣ እንደ ጥርስ ሳሙና ያለው ፔስት። መጠኑ በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ነው። ፔስቱ ብዙውን ጊዜ የሚታሸገው ለአንድ 600 ኪሎ ፈረስ እንዲበቃ ተደርጎ ነው፣ ስለዚህ አንዱ ስሪንጅ እንዳንተ ላሉ አምስት አህዮች ይበቃል። አምስት ጋሪ ነጂ ሆናችሁ አዋጥታችሁ ብትገዙ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ወጪ ያን ያህል አይከብድም። ስሪንጁ ላይ ያለውን የክብደት ምልክት እያያችሁ፣ ለእያንዳንዷ በየክብደቷ ስጡ። አፏ ውስጥ ምግብ እንዳይኖር፣ ካለ ፔስቱን ከምግቡ ጋር ጠቅልላ ትተፋዋለች።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ከሳች ማለት ትል አለባት ማለት ብቻ አይደለም። ትል እንደሆነ ከመደምደምህ በፊት ሦስት ነገር እይልኝ።

አንደኛ አፏን። ስትበላ ከጎኗ ቁምና ተመልከት። ድርቆሹን አላምጣ አላምጣ ጥቅልል አድርጋ መሬት ላይ የምትጥለው ከሆነ፣ ወይም ጭንቅላቷን ወደ አንድ ጎን አዘንብላ የምታኝክ ከሆነ ችግሩ ጥርስ ነው። የአህያ መንጋጋ ጥርስ ለብዙ ዓመታት ከድዱ እየወጣ ይኖራል፣ ጠርዙ ሲሾል ጉንጯንና ምላሷን ይቆርጣታል። ፋንድያዋ ውስጥ ያልደቀቀ ረጃጅም ጭድ ካየህም ያው ነው። ይህን ምንም የትል መድኃኒት አያድነውም፣ ጥርስ የሚሞርድ ሐኪም ነው የሚያድነው።

ሁለተኛ የምትበላውን። ድሬዳዋ ውስጥ ማታ ከስራ ተፈትታ ቆሻሻ ገንዳ ዙሪያ የምትውል አህያ ስንት ናት! ፌስታል ትበላለች። ፌስታሉ ሆዷ ውስጥ ይጠቀለላል፣ አይፈጭም፣ አይወጣም፣ ለሌላ ምግብ የሚሆነውን ቦታም ይይዛል። ቀን ሙሉ የምትሰራ አህያ ገራባና ካርቶን በልታ ክብደቷን አትጠብቅም። 120 ኪሎ የምትመዝን አህያ ቁጭ ብላ እንኳ ብትውል በቀን ወደ ሁለት ኪሎ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች፣ ጋሪ ስትጎትት ከዚያ በላይ። ውሃም ቢሆን በድሬዳዋ ሙቀት በቀን አንድ ጊዜ ማጠጣት አይበቃም።

ሦስተኛ ዓይኗን። የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣትህ ቀስ ብለህ ወደ ታች ጎተት አድርግ። ውስጡ ደህና ሮዝ ከሆነ ጥሩ። ወረቀት የመሰለ ነጭ ከሆነ ደም አንሷታል፣ እዚህ ላይ ትል ከዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች አንዱ ነው። ከሆዷ ስር ለስለስ ያለ፣ ስትጫነው የጣትህ ምልክት የሚቀርበት እብጠት ካለም ፕሮቲን እያጣች ነውና ዛሬ ነገ ሳትል ወደ ክሊኒክ ውሰዳት።

ትል ከሆነ የትኛው ነው? ከነገርከኝ ሁኔታ የምጠረጥረው በሳይንሱ ስትሮንጋይል የሚባሉትን ነው። ትልልቆችና ትንንሾች አሉ። ከትልልቆቹ አንዱ ክፉ ነው፣ እጩ (ማለትም ከእንቁላል የወጣው ገና ያላደገው ትል) ከሳር ጋር ከተዋጠ በኋላ አንጀት ውስጥ አርፎ አይቀመጥም፣ የደም ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ለአንጀት ደም ወደሚያደርሰው ትልቅ ቧንቧ ይጓዛል፣ እዚያ ግድግዳውን ያቆስላል፣ ደም ይረጋል፣ የረጋው ደም ተቆርሶ ወደ ታች ከወረደ አንዱን የአንጀት ክፍል ደም ይነሳዋል። አህያዋ በድንገት በሆድ ቁርጠት የምትሞትበት አንዱ መንገድ ይሄ ነው። እጩ ተውጦ፣ አድጎ፣ እንቁላል መጣል እስኪጀምር ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ትንንሾቹ ደግሞ የአንጀት ግድግዳ ውስጥ ተሸጉጠው ለወራት ይተኛሉ። እዚያ ሲተኙ ብዙ መድኃኒት አያገኛቸውም። በአንድ ጊዜ ተነስተው ሲወጡ ግን አህያዋን ኃይለኛ ተቅማጥ ይይዛታል፣ ክብደቷ በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። «መድኃኒት ሰጥቻት አልተሻላትም» የሚባለው አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ነው።

በአጭሩ፣ ክብደቷን ለካ፣ ፋንድያዋን አስመርምር፣ ጥርሷን አሳይ፣ ከዚያ በሐኪም መጠን መድኃኒቱን ስጣት። መድኃኒት በወሰደችበት ቀንና በማግስቱ ጋሪ አታስጎትታት። የሁለት ቀን ገቢ ማጣት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን አህያዋ ከሌለች ጋሪው ብቻውን አይሄድም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከሐረር ነኝ፣ ቤታችን ከጀጎል ውጭ ነው። ሁለት አህዮችና አንድ ውርንጭላ አሉን። ጅብ ስላለ ማታ ማታ በአጥር ግቢ ጠባብ ክፍል ውስጥ እንዘጋባቸዋለን። ውርንጭላዋ ስድስት ወሯ ነው። ሆዷ ተነፍቷል፣ ጀርባዋ ግን አጥንት ነው፣ ታስላለችም። ትናንት ፋንድያዋ ላይ ነጭ፣ እንደ ማካሮኒ ወፈር ያለና ረጅም ትል አየሁ። ልጆቼ እዚያው ግቢ ነው የሚጫወቱት፣ ወደ እነሱ ይተላለፋል? እናት ነኝና ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከልጆቹ ልጀምርልዎ። ያዩት የፈረስና የአህያ ወስፋት ነው። የሰው ወስፋት ሌላ ዓይነት ነው፣ ስለዚህ የውርንጭላዋ ወስፋት በልጆችዎ ሆድ አያድርም። በዚህ በኩል ይረፉ። ፋንድያ ላይ የሚጫወት ልጅ ግን ሌላ ብዙ ጀርም ያገኘዋልና እጅ መታጠቡን አጥብቀው ይያዙ።

አሁን ወደ ውርንጭላዋ። ወስፋት የሚጎዳው በተለይ ልጅ እግሮቹን ነው። ዕድሜያቸው እየጨመረ ሲሄድ ሰውነታቸው እየለመደ ይከላከለዋል፣ ምንም እንኳ ትልልቅ አህዮችም አልፎ አልፎ ቢይዙት። ትሉ እስከ ግማሽ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ሳሉም ከእሱ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም እጩ ከአንጀት ተነስቶ በጉበት አድርጎ ሳንባ ይገባል፣ ከሳንባ ተስሎ ይወጣል፣ ተመልሶ ይዋጣል፣ ከዚያ ነው አንጀት ውስጥ አድጎ የሚቀመጠው። ተውጦ እንቁላል እስኪጥል ሁለት ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ይፈጃል።

እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። ሆዷ እንዲህ ለተነፋ ውርንጭላ ጠንካራ የትል መድኃኒት ዝም ብለው ገዝተው አይስጧት። ሆድ ሙሉ ወስፋት በአንድ ቀን ሞቶ ሲላቀቅ ተጠቅልሎ አንጀቷን ሊዘጋው ይችላል። አንጀት የተዘጋ ውርንጭላ ደግሞ በሕይወት የሚተርፈው ከስንት አንድ ነው። አይቨርሜክቲንም በብዙ ቦታ ለወስፋት ድሮ እንደሚሰራው አይሰራም፣ ለምዶታል። ሐኪም አይቷት፣ ምናልባት ቀስ ብሎ የሚገድለውን ፌንቤንዳዞል መርጦ፣ እንደ ክብደቷ ይስጣት። ለውርንጭላ ክብደት ግምት በጣም ያሳስታልና ደረቷን ለክተው ይሂዱ። ከሰጧት በኋላ ከተንከባለለች፣ ሆዷን ዞር ዞር እያለች ካየች፣ ወይም መጥባትና መብላት ካቆመች ሳያድሩ ሐኪሙን ይጥሩት። አህያ እንደ ፈረስ አትጮህም፣ አትወራጭም። ጥግ ይዛ አንገቷን ደፍታ መቆሟ ብቻ ትልቅ ምልክት ነው።

ይሄ ሁሉ ግን የዛሬው ነው። የነገው ያለው ማደሪያው ላይ ነው። ጅቡን ፈርተው መዝጋትዎ ልክ ነው፣ ሐረር ላይ አህያ ውጭ ማሳደር አይታሰብም። ነገር ግን ሦስት እንስሳ በጠባብ ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ሲያድር ፋንድያው እዚያው ይረገጣል፣ መኖውም እዚያው መሬት ላይ ይበተናል። የወስፋት እንቁላል ደግሞ የሚያስቸግር ነው። ዙሪያው ሙጫ አለው፣ ግድግዳ ላይ፣ ገንዳ ላይ፣ የእናትየዋ ጡት ላይ ሳይቀር ይለጠፋል፣ መሬት ላይም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ውርንጭላዋ ስትጠባ፣ ግድግዳ ስትልስ፣ ከመሬት ስትለቅም ትውጠዋለች። አሁን ያከሟት ውርንጭላ በዚያው ክፍል ብታድር ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ነጭ ትል ያያሉ።

ስለዚህ በየጠዋቱ ሲከፍቱላቸው ፋንድያው ይነሳ። በየሳምንቱ አይደለም፣ በየጠዋቱ ነው። ድርቆሹን ከመሬት ከፍ ያለ ገንዳ ይስሩለት፣ ከአሮጌ በርሜል ግማሽም ቢሆን ይሆናል። የእናትየዋን ጡት በሞቀ ውሃ አልፎ አልፎ ይጥረጉላት። ክፍሉን አንድ ጊዜ ባዶ አድርገው፣ ወለሉን ፍቀው፣ በፈላ ውሃ ግድግዳውን ቢያጥቡት ጥሩ ነው። ተራ የፅዳት ኬሚካል ያን ሙጫ ብዙም አይነካውም፣ ሙቀት ነው የሚጎዳው። የሚያነሱትን ፋንድያ ከምረው፣ በላዩ ላይ አፈር ወይም ሳር ጨምረው፣ እርጥብ አድርገው ቢያቆዩት ውስጡ እየፈላ ይግላል፣ እዚያ ሙቀት ውስጥ እንቁላሉም እጩም ያልቃል። ዳርና ዳሩ ስለማይግል በየጊዜው ይገልበጥ። ከወራት በኋላ ለጓሮዎ ጥሩ ፍግ ይሆናል። ትኩሱን ፋንድያ ግን አህዮቹ ሳር የሚነጩበት ቦታ ላይ አይበትኑት።

ጥያቄ፦ አህያዬ ጭራዋን በግድግዳና በአጥር ስታሽ ትውላለች፣ የጭራዋ ስር ተመልጧል። (ከድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ)

መልስ፦ ፊንጢጣዋን እይ። ዙሪያው ነጣ ወይም ቢጫ ያለ እንደ ደረቀ ሙጫ ያለ ነገር ካለ ቀጭን ጭራ ያለው ትል ነው፣ እንቁላሉን እዚያ ለጥፎ ያሳክካታል። በእርጥብ ጨርቅ በየቀኑ ጥረግላትና ጨርቁን አቃጥል። ይሄ ትል በተለመደው የፋንድያ ምርመራ አይታይም፣ ስለዚህ «ምርመራው ንጹህ ነው» ቢሉህ እንኳ ለሐኪሙ የጭራዋን ነገር ንገረው። ዙሪያው ንጹህ ከሆነ ግን ቅማል ወይም እከክ ሊሆን ይችላል፣ ጸጉሯን ገልጠህ ቆዳዋን ተመልከት።

ጥያቄ፦ አንድ በቅሎና አንዲት አህያ አብረው አሉኝ፣ አካባቢዬ ሐረር ዙሪያ ነው። በቅሎዬ ከክረምት ወዲህ ሳል አልለቀቃትም፣ በተለይ ጭነት ስትይዝ። አህያዋ ግን ምንም የላትም፣ እንዲያውም ወፍራም ናት። አንቲባዮቲክ ተወግታ ለውጥ የለም።

መልስ፦ ጋሼ፣ እኔ የምጠረጥረው ያችን ምንም የሌላትን አህያ ነው። የሳንባ ትል አህያን ተፈጥሯዊ ቤቱ አድርጎ ይኖራል፣ ብዙ ጊዜም ሳታስል፣ ሳትከሳ ለዓመታት ትሸከመዋለች። አብሯት የሚግጥ ፈረስ ወይም በቅሎ ሲይዘው ግን ያስላል፣ ትንፋሽ ያጥራል። በፈረስ ላይ ትሉ ብዙ ጊዜ እንቁላል እስከመጣል ስለማያድግ የሚያስለው እንስሳ ፋንድያ ተመርምሮ ምንም ላይገኝ ይችላል። የአህያዋ ፋንድያ ይመርመር። ምርመራውም እንደ አንጀት ትል እንቁላል መቁጠር አይደለም፣ እጩን ለይቶ የሚያወጣ ሌላ ዘዴ ነው፣ ስለዚህ ለባለሙያው «የሳንባ ትል እጠረጥራለሁ» ይበሉት። ፋንድያውም ትኩስ ይሁን። ከተገኘ ሁለቱም አብረው ይታከሙ፣ አይቨርሜክቲን በአፍ ይገድለዋል። አንዷን ብቻ ማከም ዋጋ የለውም። አንቲባዮቲክ ደግሞ ትል አይገድልም፣ ስለዚህ ሌላ ዙር ከማስወጋትዎ በፊት ምርመራውን ያስቀድሙ።

ጥያቄ፦ አያቶቻችን ኮሶ ነበር የሚጠጡት፣ ትምባሆ አጥበው ለከብት ሲሰጡም አይቻለሁ። ለአህያስ ለምን አይሆንም? መድኃኒት ቤቱ ያለው ዋጋ አይቀመስም።

መልስ፦ የኮሶን ዛፍ እኔም አከብራለሁ። በአገራችን ለስንት ዘመን የሰውን የኮሶ ትል ሲያወጣ የኖረ መድኃኒት ነው። ነገር ግን የሚያወጣው ያንን ጠፍጣፋ ትል ነው፣ አህያን በብዛት የሚያከሳት ደግሞ ክብ ትል ነው። በሰውም ላይ ቢሆን መጠኑ ሲያልፍ እንደሚመርዝ፣ ዓይንም እንደሚጎዳ ይታወቃል። ለአህያ ስንት እንደሚበቃና ስንት እንደሚገድል ለክቶ የሚነግርህ ሰው የለም። ትምባሆ ላይ ግን አልደራደርም። ውስጡ ያለው ኒኮቲን መርዝ ነው፣ አህያን መተንፈስ እንቢ አሰኝቶ ይገድላታል። እባክህ ለማንም እንስሳ እንዳትሰጥ።

ዋጋውን በተመለከተ ላይ ለሳቢያኑ ወንድማችን እንዳልኩት በጋራ መግዛት ይቻላል። ገበያ ላይ በየምንጣፉ የሚሸጠውን ግን ተጠንቀቅ። ድሬዳዋ ፀሐይ ላይ ወር ሙሉ የዋለ መድኃኒት በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ያህል እንደሚሰራ ማን ያረጋግጥልሃል? ጊዜው ያለፈበትም ብዙ ነው። ርካሽ ብለህ የገዛኸው ካልሰራ ድርብ ከሰርህ። አንዳንዱ ደግሞ ለከብት የሚሰጠውን ሌቫሚሶል ወይም ቴትራሚሶል ለአህያ ይሸጣል። እሱ ለአህያ አይመከርም፣ ትንንሾቹን ትሎች አይገድልም፣ መጠኑ ትንሽ ካለፈ ደግሞ ራሷን ያንቀጠቅጣታል። በጀርባ ላይ የሚፈሰውም ለከብት ነው፣ የአህያ ቆዳ እንደዚያ አይቀበለውም። ለነፍሰ ጡር አህያ ምንም ከመስጠትህ በፊት ማርገዟን ለሐኪሙ ንገረው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በየስንት ጊዜው ነው መስጠት ያለብን? አንዱ በየሦስት ወሩ ይለኛል፣ አንዱ በዓመት አንዴ። ቢሮ ሄጄ ስጠይቅም ሰው በሰው ይለያያል። ስድስት አህዮች አሉኝ፣ አሸዋ ከደቻቱ ነው የምናመላልሰው።

መልስ፦ ሁለቱም የቀን መቁጠሪያ ነው የነገሩህ። ትል ግን የቀን መቁጠሪያ አያይም፣ ዝናብ ነው የሚያየው።

እንዲህ ነው። ከፋንድያ ጋር የወጣው እንቁላል ይፈለፈላል፣ እጩ እዚያው ፋንድያ ውስጥ ያድጋል፣ ሙቀትና እርጥበት ሲመቸው በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመዋጥ ዝግጁ ይሆናል። ከዚያ ውሃ ሲያገኝ በእርጥብ ሳር ላይ ይወጣና አህያ እስክትነጨው ይጠብቃል። በድሬዳዋ በረሃማ ወራት ፀሐይ ላይ የተበተነ ፋንድያ ቶሎ ይደርቃል፣ እጩም ያልቃል። ኩብ ኩብ ሆኖ የተቀመጠ ፋንድያ ግን ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ እጩን ያቆይለታል፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ ሲጥል፣ ወይም የሐምሌና የነሐሴው ሲመጣ፣ ያ ሁሉ ተጠራቅሞ የቆየ በአንዴ ይለቀቃል። ሐረር ከፍ ያለ፣ ቀዝቀዝና እርጥብ ያለ አገር ስለሆነ እጩ እዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ድሬዳዋ ላለ አህያና ሐረር ላለ አህያ አንድ ዓይነት ፕሮግራም መስጠት ትክክል አይመስለኝም። ቀኑን ሙሉ አሸዋ ተጭኖ ማታ ገንዳ ላይ ድርቆሽ የሚበላ አህያና ቀኑን ሙሉ ረግረግ ዳር የሚግጥ አህያም አንድ አይደሉም። ረግረግ ካለ ደግሞ የጉበት ትልም ይታሰብ፣ እሱ ቀንድ አውጣ ካለበት ውሃ ዳር ሳር ጋር ነው የሚመጣው፣ አይቨርሜክቲንም አይነካውም።

እኔ የምልህ ስድስቱንም በአንድ ቀን ከማስዋጥህ በፊት የስድስቱንም ፋንድያ ለየብቻ አስቆጥር። ምርመራው ማክማስተር በሚባል መስመር ባለው መስታወት ነው፣ አንድ ግራም ፋንድያ ውስጥ ስንት የትል እንቁላል እንዳለ ይነግርሃል። ትል በእንስሳት መካከል እኩል አይከፋፈልም። ካለህ መንጋ ጥቂቶቹ ናቸው አብዛኛውን እንቁላል መሬት ላይ የሚጥሉት። እነሱን ለይተህ ብታክም ወጪህ ይቀንሳል፣ ያልታከሙት ሆድ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ትሎችም መድኃኒት ስላላዩ መድኃኒት የሚችለው ዘር ብቻውን እንዳይነግስ ይረዳሉ። ሁሉንም በየሦስት ወሩ ማስዋጥ ግን ያንን ዘር መኮትኮት ነው፣ አዲስ መድኃኒት ደግሞ በየጊዜው አይወጣም። ይህ ለትልልቆቹና ለጤነኞቹ ነው። ውርንጭላ፣ የከሳች፣ ተቅማጥ የያዛት ወይም ደም ያነሳት አህያ ቁጥር አትጠብቅም፣ ቶሎ ትታከም።

ካከምክ በኋላ በ14ኛው ቀን እንደገና አስቆጥር። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምወደው ምርመራ ይሄ ነው። ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ ከወረደ መድኃኒቱ ሰርቷል። ካልወረደ ወይ መጠኑ አንሷል፣ ወይ መድኃኒቱ ተበላሽቷል፣ ወይ ትሉ ለምዶታል፣ ያንን ሳታውቅ ለዓመታት ገንዘብህን እያፈሰስክ ልትኖር ትችላለህ።

አንድ ተጨማሪ ነገር ልንገርህ። ፋንድያ ላይ ወይም አፏ አካባቢ የባቄላ ፍሬ የሚያህል፣ ቀላ ያለ፣ ሰውነቱ ላይ ቀለበት ቀለበት ያለው ነገር ካየህ ትል አይደለም፣ የዝንብ እጭ ነው። ዝንቧ በአህያዋ እግርና ደረት ጸጉር ላይ ቢጫ ቢጫ ጥቃቅን እንቁላል ትለጥፋለች፣ አህያዋ ስትልስ ወደ አፏ ይገባል፣ ጨጓራዋ ላይ ተጣብቆ ወራት ይቀመጣል። አልበንዳዞልና ፌንቤንዳዞል አይገድሉትም፣ አይቨርሜክቲን ይገድለዋል። ጸጉሯ ላይ ያየኸውን ቢጫ እንቁላል በቢላ ጀርባ ፈቀህ፣ በሞቀ ውሃ አጥበህ አንሳላት።

ለምርመራ ፋንድያ ስትወስድ መሬት ላይ ያደረውን አትዝገን። ስትጥል ጠብቀህ ከላይ ከላዩ፣ አፈር ያልነካውን፣ የእንቁላል ያህል ውሰድ። ንጹህ ፌስታል ውስጥ ከተህ አየሩን ጨምቀህ አውጣና እሰረው፣ አየር ከቀረ እንቁላሉ መንገድ ላይ ይፈለፈላል። ፀሐይ አታስነካው፣ ከበረዶ ውሃ ጠርሙስ ጋር ዘንቢል ውስጥ አድርገው፣ በዚያው ቀንም አድርሰው። ሐረር አካባቢ ያላችሁ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቅርባችሁ ነው፣ ድሬዳዋ ያላችሁ መጀመሪያ የአካባቢያችሁን የእንስሳት ክሊኒክ ጠይቁ። ስድስቱን ለየብቻ እሰርና በእያንዳንዱ ላይ የአህያዋን ስም ወይም ቀለሟን፣ ዕድሜዋን፣ የደረቷን ልክና መጨረሻ መድኃኒት የወሰደችበትን ወር ጻፍበት።